ከበርኖስ እስከ አጎበር፦ ሰሜን ሸዋን ለሚዞር እንግዳ

ብዙ ሰው ሰሜን ሸዋን የሚያውቀው ከመኪና መስኮት ነው። ወደ ደሴ ሲያልፍ ደብረ ብርሃን ቁርስ ይበላል፤ ጣርማ በር ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጃኬቱን አውልቆ ማንጎ ይገዛል። እንዲህ ለሚያልፍ ሰው የተለየ ዝግጅት አያስፈልግም። ወርዶ ለሚያድር፣ መንዝ ወጥቶ ጓሳ ላይ ለሚሰነብት፣ አንኮበር ገብቶ ወደ አልዩ አምባ በእግሩ ለሚወርድ ግን አገሩ ሌላ ነው። ዞኑ ውርጩንም፣ ደጋውንም፣ ወይና ደጋውንም፣ ቆላውንም በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ይዟል። የሚለበሰው፣ የሚበላው፣ ለመንገድ የሚነሱበት ሰዓት፣ ሰው የሚፈራው ነገር በየከፍታው ይለያያል። እንግዳው አንዱን ለምዶ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል።

እኔ በጽኑ የማምነው አንድ ነገር አለ። እዚህ አገር ቶሎ የሚላመደው በደረሰበት ከፍታ ያሉ ሰዎች የሚያደርጉትን አይቶ፣ ለምን እንደሚያደርጉትም ጠይቆ የሚከተላቸው መንገደኛ ነው፤ ጉልበት ብቻውን ብዙ አያራምድም። የመንዝ ገበሬ በርኖስ የሚደርበው፣ የአርጎባ ነጋዴ ጎህ ሲቀድ የሚነሳው፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው የቀወት አርሶ አደር እኩለ ቀን ላይ ከጥላ የማይወጣው በምክንያት ነው።

መጀመሪያ ከፍታውን እንያዝ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። ከላምበረት መናኸሪያ ተነስቶ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ በኩል 130 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ብርሃን ይገባል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ መንዝን ይዞ የሚወጣው መንገድ ወደ ጓሳ ያደርሳል፤ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ሜዳና ኮረብታ ነው። ቀጥ ብሎ የጣርማ በርን የመኪና ዋሻ ያለፈ ደግሞ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለወጥ፣ ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው የሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ከ12 ዲግሪ ያላነሰ ልዩነት ይገጥማል።

ስለ መንገዱ ደኅንነት ሳልናገር ላልፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቆየው ግጭት መንገድ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲዘጋ ያደርጋል። ያለፈው ሳምንት ወሬ ለዛሬ አይሠራም። በዚያው ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ ሾፌሮችን መጠየቅ፣ ሌሊት አለመጓዝ፣ መንገድ ቢዘጋ የሚያሳድር ገንዘብና መድኃኒት መያዝ ግድ ነው። ቀላሉን መንገድ ይዞ መመለስም የጉዞ እቅድ አካል ነው።

አሁን ወደ አየሩ። 3,400 ሜትር ላይ ሰው በአንድ እስትንፋስ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የአዲስ አበባ ሰው በተወሰነ ደረጃ ለምዶታል። የሚቸገረው ከድሬዳዋ፣ ከአዋሽ፣ ከጋምቤላ ወይም ከውጭ አገር መጥቶ በማግስቱ ጓሳ የሚወጣው ነው። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሲደርስ ደህና ነው፣ ይራመዳል፣ ፎቶ ያነሳል። ከደረሰ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ብዙውን ጊዜ ማታ፣ ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ እንቅልፉ ይቆራረጣል። ብዙዎች ይህን ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ያደርጉታል።

መፍትሔው ደረጃ በደረጃ መውጣት ነው። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው አንድ ሌሊት አዲስ አበባ፣ ሁለት ሌሊት ደብረ ብርሃን ቢያድር፣ ከዚያ በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ ቢያድርና በማግስቱ ጓሳ ቢገባ ሰውነቱ ጊዜ ያገኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል። ቀን ከፍ ብሎ ዞሮ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ችግር የለውም፤ ዋናው የሚተኙበት ከፍታ ነው። ራስ ምታት የጀመረው ሰው ባለበት ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ወደ ላይ አይቀጥል። አብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል። የሚወላገድ፣ አነጋገሩ የተምታታ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ አለበት። ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱ ሰውነት እየተላመደ መሆኑን የሚያሳይ ስለሆነ አያስጨንቅ፤ ወጣ ብሎ መመለሱን ፈርቶ ውሃ መቀነስ ግን ይጎዳል።

የደጋው ሰው ሽቅብ እያወራ ሲወጣ ማየት ከተሜውን ያስቀናዋል። ለዚህ ከልማድ በላይ የሆነ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ደም መርምሮ ነበር። የደማቸው ሄሞግሎቢን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው የተለየ አልነበረም፤ ኦክስጅናቸውም ዝቅ አላለም። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች እዚህ ከፍታ ላይ ደማቸው ይወፍራል፤ የእኛ ደገኞች አካል ሌላ ዘዴ አለው ማለት ነው። በትውልዶች የመጣን ነገር እንግዳ በሦስት ቀን አያገኘውም። ስለዚህ አገሬው መሪ ሲፈጥን ተከትሎ መሮጥ አያስፈልግም። «ቀስ እንበል» ማለት አያሳፍርም፤ ሽቅብ እየወጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስኪቻል ድረስ እርምጃን ማሳጠር ትክክለኛው መለኪያ ነው።

ከፍታው ድስት ውስጥም ይገባል። ጓሳ ላይ ውሃ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላና አተር ይዞ ድንኳን የሚተክል ሰው ሲጥድ አምሽቶ ጥሬ ይበላል። ስለዚህ ደገኛው የተቆላና የተፈጨ ነገር ይዞ ይወጣል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ጨው ወይም ማር ተጨምሮበት ሲበጠበጥ፣ እሳት ሳይነድ ምግብ ይሆናል። ከፍታ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ የሚጠጣ ምግብ ከሚታኘክ ይሻላል። የምንጭ ውሃ ለመጠጣት የሚያፈላ ደግሞ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያቆየው።

ብርዱ ላይ ረዘም ልበል፤ እንግዶች በብዛት የሚጎዱት በእሱ ነው። ከሁሉ የከፋው ወቅት ክረምት ይመስላቸዋል። ክረምት ጉምና ጭቃ ነው፤ ውርጩ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ይመጣል። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል፤ ብርዱ ጠንክሮ የሚሰማው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳ ቦታ ይወርዳል። ድንኳን የሚተክል ሰው ከነፋስ ለማምለጥ ብሎ ጉድጓዳ ቦታ ቢመርጥ ጠዋት ድንኳኑ በውርጭ ነጥቶ ያገኘዋል፤ ከረባዳው ጥቂት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማይመታው ተዳፋት ይሻላል።

ጋቢ ጥሩ ነው፤ አራት እጥፍ ጥጥ ነውና ደረቅ ሳለ ያሞቃል። ሲረጥብ ግን ውሃውን ይዞ ገላን ያቀዘቅዛል። የመንዝ ሰው ከበግ ጸጉር የተሠራ በርኖስ የሚደርበው ለዚህ ነው፤ ጸጉር ረጥቦም ሙቀት ይይዛል፣ ካፊያም ቶሎ አያሳልፍም። በርኖስ የሌለው ከውስጥ ቀጭን ልብስ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ይልበስ፤ ጋቢውን ለምሽትና ለመኝታ ያቆየው። ማታ ከመተኛት በፊት ቀን ላብ የነካውን ካልሲና ካናቴራ መቀየር ከአንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበልጣል። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚወድቅ ከደረት ኪስ አይውጣ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያታልላል፤ ብርድ እየተሰማ ፊት ይቃጠላል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል። ባርኔጣና ቫዝሊን ከቦርሳ አይጥፉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በብርቱ እናገራለሁ። አንደኛው ከሰል ነው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝ ከተሞች የበረደው እንግዳ ከሰል በማንደጃ ክፍል እንዲገባለት ይጠይቃል፤ ደግ አስተናጋጅ ያመጣለታል። በር ዘግቶ ከሰል እያነደደ የተኛ ሰው ላይነሳ ይችላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የፈካ፣ የማይጨስ ፍምም ያወጣዋል። የሚያስከትለው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የከፍታ ሕመም ስለሚመስል እንግዳው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል። ለይቶ ለማወቅ አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ አብረው ከታመሙና ደጅ ወጥተው ከተሻላቸው ከሰሉ ነው። እሳት የሚሞቀው ሳይተኙ፣ በርና መስኮት ከፈት ተደርጎ ነው፤ ለመኝታ ሲሆን ማንደጃው ይውጣና የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው አረቄ ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስም ያለው ነው፤ ጉሮሮ ሲወርድ ያሞቃል። ሙቀቱ የሚሰማው ደም ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው፤ ከዚያ ሰውነት ያንኑ ሙቀት ለብርዱ ይሰጠዋል። በመጀመሪያው የከፍታ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍንና አተነፋፈስን ያበላሻል። የሚፈልግ ሰው ከተላመደ በኋላ፣ ቤት ውስጥ፣ ከምግብ ጋር ይቅመሰው።

ወደ ሰው ቤት መግባትም የራሱ ሥርዓት አለው። መንደር የደረሰ እንግዳ እስከ በር አይሄድም፤ ውሻ አለ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ደጆች!» ይባላል፤ ባለቤቱ ወጥቶ ውሻውን ሲይዝ ይገባል። ሲገባ የተቀመጡት «ኖር!» ብለው ይነሳሉ፤ «በእግዜር!» ብሎ መመለስና እንዲቀመጡ መለመን የእንግዳው ድርሻ ነው። በዕድሜ የሚበልጥን ሰው «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ብሎ፣ በአንቱታ መናገር ነው። ከመደቡ ላይ ወደ ምድጃው ቀረብ ያለው ቦታ ለእንግዳ ይለቀቃል፤ አንዴ «አይሆንም» ብሎ መግደርደር ያምራል፣ ሦስቴ ማለት ግን ያስቀይማል።

ጠላው ሲቀዳ ብዙ ከተማ ያደገ ሰው ይቸገራል። ያለቀ ዋንጫ ባዶ አይቀመጥም፣ ይሞላል። ስለዚህ በአክብሮት ጨርሼ ልገላገል ያለ እንግዳ ሳያስበው ሦስትና አራት ይጠጣል። የበቃው ሰው ዋንጫውን ሞልቶ ቀመስ እያደረገ ያቆየው። የማይጠጣ ከመቀዳቱ በፊት በግልጽ ይናገር፤ ሃይማኖት ወይም መድኃኒት ምክንያት ሲሆን ማንም አይከፋም። ቡና ከተጀመረ አቦል ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው፤ ቢያንስ ለበረካ መቆየት የሚችል ሰው ብቻ ይቀመጥ። ላደሩበት ገንዘብ በእጅ መስጠት አስተናጋጁን ሊያሳዝነው ይችላል፤ ቡናና ስኳር ይዞ መሄድ ግን በየትኛውም ቤት ደስ ያሰኛል። ቁንጫ የሚያስቸግረው ደግሞ የራሱን አንሶላ ይያዝ፤ ቁርበቱን አንስቶ ማራገፍ ግን ባለቤቲቱን ያሸማቅቃልና ይተወው።

የምግቡን አቆጣጠር ሳያውቁ መሄድ ያስርባል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታ፣ በነቢያት ጾም፣ ገጠር ውስጥ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይገኝም። ቤተሰቡ እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በላይ የሚጾም ከሆነ ቁርስ መጠየቅ አይገባም፤ ቆሎ የሚያዘው ለዚህም ነው። አርጎቦች ባሉበት በአልዩ አምባ በኩል ሥጋ የሚበላ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የማን እርድ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ጥያቄው የተለመደ ስለሆነ ማንም አይቀየምም።

ጓሳ ውስጥ የሚጠበቀው ሕግ ከሌሎች ፓርኮች የቆየ ነው። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሜዳውን በራሱ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭደዋል። ስለዚህ እዚያ የሚገባ ሰው ያለ ባለቤት የቆየ ሜዳ ላይ እንደቆመ አያስብ። ክፍያውን ጽሕፈት ቤቱ ላይ ይክፈል፣ መሪ ይያዝ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊት ገደል ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አፋፉ አጠገብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ያገኛቸዋል። ምግብ አይሰጣቸውም፤ የለመደ ዝንጀሮ የገበሬውን እርሻ ይዘርፋልና። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይጥ ነው፤ አይጦቹ ከጉድጓድ የሚወጡት መሬቱ ሞቅ ሲል ስለሆነ በውርጭ ጠዋት ማልዶ መነሳት ብዙም አይጠቅምም።

ወደ ጻድቃኔ ማርያም ለሚሄዱ አንድ ቃል። ጸበሉ ደጋ ላይ ነው፣ ማለዳው ብርድ ነው። ደካማ ሕመምተኛ ከተጠመቀ በኋላ ርጥብ ልብሱን ወዲያው የሚቀይርለት፣ ደረቅ ጋቢ የሚያለብሰው፣ የሞቀ አጥሚት የሚያቀርብለት ሰው ከጎኑ ያስፈልገዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው አያቋርጥ፤ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ ቤተ ክርስቲያኒቱም አስተምራለች።

ከደጋ ወደ ቆላ በእግር ለመውረድ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው ቁልቁለት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ አፋርን አቋርጦ አልዩ አምባ ሲደርስ ግመሉ ያበቃለት ነበር፤ ጭነቱ በአህያና በበቅሎ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ከተማ፣ ወደ አንኮበር ይወጣል። ዳገቱ ለግመል የሚከብደውን ያህል ቁልቁለቱ ለሰው ጉልበት ይከብዳል። ከመነሳት በፊት የእግር ጥፍር መቁረጥ፣ የጫማውን ክር ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጎ ጣቶች ፊት እንዳይገፉ ማድረግ ያስፈልጋል። እርምጃው አጭር፣ ጉልበቱ ጥቂት የታጠፈ፣ ዱላው ከእግር ቀድሞ የሚያርፍ ይሁን። አገሬው በቀጥታ አይወርድም፣ ጎን ለጎን እየተጠማዘዘ ነው። ሕመሙ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ጭን ላይ ይመጣል፤ ሌላ ቁልቁለት ለዚያ ቀን አይያዝ። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሙቀቱ ሳይበረታ መድረስም የአርጎቦቹ ልማድ ነው።

በመኪና የሚወርድ ሰው ችግሩ ጆሮና ፍሬን ነው። ከጣርማ በር ዋሻ በኋላ ጆሮ ሲደፈን መዋጥ ወይም ማስቲካ ማኘክ ይከፍተዋል፤ ሕፃን ይጥባ። አሽከርካሪው ደግሞ ገና ከዋሻው አፍ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይያዝ። ፍሬን ረግጦ እየያዘ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ግሎ ከደብረ ሲና በታች ባለው ጥምዝ ላይ ይከዳዋል፤ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ሲመጣ ዳር ይዞ ማብረድ እንጂ ውሃ ማፍሰስ አይገባም።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሕጉ ሁሉ ይገለበጣል። ደገኛው ጥማት እስኪሰማው ጠብቆ መጠጣት ለምዷል፤ እዚህ ሳይጠማ ይጠጣ፣ በቀን ከ3 ሊትር አያንስ፣ ላብ የወሰደውን ጨውም በምግብ ይመልስ። ከ6 እስከ 9 ሰዓት በእግር አይጓዝ። አመሻሽ ላይ እጅጌ ረጅም ልብስ ይልበስ፤ የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ማረፊያ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያየው አልጋውን ሳይሆን አጎበሩን ነው፦ ቀዳዳ ካለው በክር ይስፋ፣ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ይክተት፣ በእንቅልፍ ልቡ ገላው መረቡን እንዳይነካ ያስተካክል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይብሳል።

ወባ ቆላ ላይ ስትነክስ ደጋ ላይ ነው የምትታየው። ትኩሳቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ አንደኛው ዓይነት ከወራት በኋላም ይነሳል። ያን ጊዜ መንገደኛው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ቤቱ ነው። ብርድ ብርድ ሲለው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ ይታጠናል፣ ወይም ለጉንፋን የሚሆን ኪኒን ገዝቶ ይውጣል። ደጋ ያለ ጤና ባለሙያም ካልተነገረው ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ቁርጥማት ከጀመረ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ «ቆላ ወርጄ ነበር፣ ሸዋ ሮቢት አድሬያለሁ፣ ደሜ ይታይልኝ» ብሎ ቀኑን ጭምር መናገር ያስፈልጋል።